ሳይሞት ተዝካሩ የወጣለት የወረቀት መጽሐፍ

እ.ኤ.አ. በሜይ 2011 አማዞን የተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት መደብር አንድ አጭር መግለጫ አወጣ። ከኤፕሪል 1 ጀምሮ 100 የወረቀት መጽሐፍ በሸጠ ቁጥር 105 የኤሌክትሮኒክስ መጽሐፍ፣ በተለምዶ ኢ-ቡክ የሚባለውን፣ መሸጡን የሚገልጽ ነበር። ኪንድል የተባለው የማንበቢያ መሣሪያው በ399 ዶላር ለገበያ ከቀረበ ገና አራት ዓመት አልሞላውም። በዚያው ዓመት ቦርደርስ የተባለው ግዙፍ የመጻሕፍት መደብር ከስሮ የቀሩትን 399 ቅርንጫፎች ለመዝጋት ተገደደ። ከዚያ ወዲያ ማን ሊጠራጠር? የወረቀት መጽሐፍ ተዝካር ወጣ። ማተሚያ ማሽን ያለው ሁሉ ብረቱን ለቁራሌው እንዲያስመዝን የሚመክር በዛ።

ሞተ የተባለው ግን ዛሬም ገበያ ላይ ነው። በ2021 በአሜሪካ ከ825 ሚሊዮን በላይ የወረቀት መጻሕፍት ተሸጠዋል። ወረርሽኙ ሰዉን ቤት ያዋለበት የተለየ ወቅት ስለሆነ አይቆጠርም ቢባል እንኳ፣ በ2023ም ሆነ በ2024 ሽያጩ ከ760 ሚሊዮን አልወረደም። በአንፃሩ ኢ-ቡክ ከአሜሪካ ዋና ዋና አሳታሚዎች የጠቅላላ አንባቢ መጽሐፍ ገቢ ውስጥ ያለው ድርሻ ከአሥር አንድ ገደማ ነው። በእንግሊዝም ዋተርስቶንስ የተባለው መደብር በ2012 ኪንድልን በየቅርንጫፉ መደርደር ጀምሮ፣ በ2015 ገዢ ስላጣለት ከመደርደሪያው አንስቶ ቦታውን ለወረቀት መጽሐፍ መልሶታል።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት የወረቀት ጠረንና የአንባቢ ፍቅር ነው። ደስ የሚል ምክንያት ነው፤ ገበያውን ግን አያስረዳም። ፍቅሩ በ2011ም ነበር። በመካከሉ የተለወጠው ዋጋ ነው፤ ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ ዋጋ የሚቆርጠው ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አሳታሚዎች መጀመሪያ ኢ-ቡክን የሸጡት እንደማንኛውም ሸቀጥ በጅምላ ነው። ጠንካራ ሽፋን ያለው አዲስ መጽሐፍ 26 ዶላር ከተተመነ፣ አማዞን የኢ-ቡክ ቅጂውን በግማሹ፣ ማለትም በ13 ዶላር ገደማ ይረከባል። ከዚያ በኋላ በስንት ይሸጥ የሚለው የእርሱ ጉዳይ ነው። እርሱም በ9 ዶላር ከ99 ሳንቲም ሸጠው። በአንድ ቅጂ ሦስት ዶላር ያህል እየከሰረ ማለት ነው። ኪሳራው የዋህነት አልነበረም። ኪንድል የገዛ ሰው ቀጣዩን መጽሐፍ ከሌላ ሱቅ አይገዛምና፣ ዛሬ የሚከስረውን ነገ ሊያስመልስ አስቦ ነው። አሳታሚዎቹን ያስደነገጠውም የነገው ነው። አንባቢ ለአዲስ መጽሐፍ ከአሥር ዶላር በታች መክፈል ከለመደ፣ 26 ዶላር የሚለው ተመን ማንን ያሳምናል?

በ2010 አፕል አይፓድን ይዞ ሲመጣ ሌላ አሠራር አቀረበ። መጽሐፉ የአሳታሚው እንደሆነ ይቆያል፤ ዋጋውን አሳታሚው ራሱ ይቆርጣል፤ ሻጩ 30 በመቶ ኮሚሽን ይወስዳል። መርካቶ በኮሚሽን ለሚሠራ ደላላ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። አሳታሚዎቹ ተቀበሉት፤ አማዞንንም በዚሁ መንገድ እንዲሠራ ጠየቁት። ማክሚላን የተባለው አሳታሚ ጥያቄውን ሲያቀርብ አማዞን መጻሕፍቱን ለጥቂት ቀናት ከሽያጭ አውጥቶ ነበር፤ ኋላ ግን እጁን ሰጠ። የአዳዲስ ኢ-ቡኮች ዋጋ ወደ 12 ዶላር ከ99 እና 14 ዶላር ከ99 ከፍ አለ።

እዚህ ላይ ሒሳቡን መሥራት ያስፈልጋል። በጅምላው ጊዜ ከአንድ ቅጂ 13 ዶላር ያገኝ የነበረ አሳታሚ፣ በ12 ዶላር ከ99 ሲሸጥ 30 በመቶው ተቀንሶ የሚደርሰው 9 ዶላር ብቻ ነው። አራት ዶላር እያጣ ገባበት ማለት ነው። የገዛው ዋጋ የመቁረጥ ሥልጣንን ነበር። የወረቀት መጽሐፉን ገበያ ለመጠበቅ የከፈለው የአጥር ማሳጠሪያ ቢባል ይቀላል።

የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ግን በኤፕሪል 2012 አፕልንና አምስት ታላላቅ አሳታሚዎችን ተመሳጥረው ዋጋ አስወድደዋል ብሎ ከሰሰ። አሳታሚዎቹ በስምምነት ጨረሱ። አፕል ተከራክሮ በ2013 ተረታ፤ በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኙን ባለመቀበሉ 450 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ግድ ሆነ። ፍርዱ ያወገዘው ምስጥሩን እንጂ የኮሚሽኑን አሠራር አልነበረም። ስለዚህ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ አሳታሚዎቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከአማዞን ጋር ተዋውለው ዋጋ የመቁረጡን ሥልጣን መልሰው ያዙ። ኢ-ቡክ እንደገና ተወደደ። አማዞን የወረቀቱን መጽሐፍ አሁንም በጅምላ ስለሚገዛ በእርሱ ላይ እንደፈለገ ቅናሽ ማድረግ ይችላል፤ አንዳንዴም ወረቀቱ ከኢ-ቡኩ ረክሶ ይገኝ ጀመር። የአሳታሚዎቹ የኢ-ቡክ ሽያጭ በ2015 ቢወርድ ምን ያስገርማል።

ከላይ የተጠቀሰው የአሥር አንድ ድርሻም ቢሆን በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። የአሳታሚዎችን መጋዘን እንጂ ሙሉ ገበያውን አይቆጥርም። ያለ አሳታሚ በራሳቸው የሚያወጡ ደራስያን፣ ከ2 ዶላር ከ99 እስከ 9 ዶላር ከ99 ለሚሸጡት ኢ-ቡክ አማዞን እስከ 70 በመቶ ይከፍላቸዋል፤ ትልልቆቹ አሳታሚዎች ለደራሲ የሚሰጡት በተለምዶ ከተጣራ ገቢ 25 በመቶ ነው። በወር ክፍያ እንዳሻው የሚነበብበት አገልግሎትም ከ2014 ጀምሮ አለ። አማዞን የእነዚህን ዝርዝር ለማንም አይገልጽም። የፍቅርና የወንጀል ልብ ወለድ ገበያ በብዛት ወደዚያ ሄዷል፤ የሕፃናትና የምግብ አሠራር መጻሕፍት ወረቀቱ ላይ ቀርተዋል።

ገዢውም ቢሆን ለሁለቱ እኩል ዋጋ ባይሰጥ ተሳስቷል አይባልም። የወረቀት መጽሐፍ የገዛ ይሸጠዋል፣ ያውሰዋል፣ ለልጁ ያወርሳል። ኢ-ቡክ የገዛ ፈቃድ ነው የተከራየው። በ2009 አማዞን የባለቤትነት መብት የሌለው ሻጭ ያቀረበውን የጆርጅ ኦርዌልን ‹‹1984›› ከገዢዎች ኪንድል ላይ ከሩቅ ሆኖ ሰርዞታል። ማይክሮሶፍትም በ2019 የኢ-ቡክ ሱቁን ሲዘጋ ገንዘብ መለሰ እንጂ መጻሕፍቱ ጠፉ። አሮጌ መጽሐፍ ገዝቶ የሚሸጥ የአዲስ አበባ አዟሪ እንዲህ ባለው ሸቀጥ መተዳደሪያ አያገኝም።

የአዲስ አበባው ነገር ሲነሳ ሒሳቡ ይገለበጣል። እዚህ አብዛኛው የመጽሐፍ ወረቀት፣ ቀለሙና ፕሌቱ ከውጭ የሚገባ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ኢ-ቡክ የሚያስቀረው ወጪ ደግሞ በትክክል ይኸው የወረቀቱ፣ የማተሚያ ቤቱና የማጓጓዣው ነው። በስሌት ከሄድን ኢ-ቡክ ከኒውዮርክ ይልቅ ለአዲስ አበባ አሳታሚ ያዋጣል። ዋሽንግተን ላለ አማርኛ አንባቢማ የአየር ጭነት ከፍሎ መጽሐፍ ከማስመጣት ይገላገላል።

ሆኖም በሰፊው የሚዘዋወረው የአማርኛ ኢ-ቡክ ስካን ተደርጎ በቴሌግራም የሚለጠፍ ፒዲኤፍ ነው። ዋጋው ዜሮ፣ የደራሲው ድርሻም ዜሮ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ፒዲኤፍ ለጣፊውን የሚያስፈራው ግን አይመስልም። እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ለዚህ የሚቀርበው ሰበብ የመክፈያ መንገድ አለመኖሩ ነበር። በዚያ ዓመት ቴሌብር ሥራ ጀመረ። አሁን በአንድ ስኒ ማኪያቶ ዋጋ ኢ-ቡክ ሸጦ ገንዘቡን በዕለቱ መሰብሰብ ይቻላል። የአገር ውስጥ አሳታሚዎች ግን ኢ-ቡክን የሚያዩት እንደ ሌባ እንጂ እንደ ሸቀጥ አይደለም፤ በዚህም ተሳስተዋል። የአሜሪካኖቹ አሳታሚዎች ኮሚሽኑን ለመደራደር የቻሉት የሚሸጡት ነገር በእጃቸው ስለነበር ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ገበያ ውስጥ 30 በመቶውን ማን እንደሚወስድ ገና አልተወሰነም፤ ለመደራደር የቀረበ አሳታሚም እምብዛም አይታይም።