የመድረክ ዓለትና የአደባባይ ድንጋይ

የአደባባይ ፏፏቴ ከምን ይሠራ የሚለው ጥያቄ ለብዙዎች የግንበኛና የጨረታ ኮሚቴ ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታያል። ኪነ ጥበብን ከሸራና ከመጽሐፍ ገጽ ውጭ መፈለግ ያልለመደ ሰው እንዲህ ቢያስብ አያስደንቅም። ዳሩ ግን ወደ ሥዕል ትርኢት ከሚገባው ሰው ይልቅ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ይዞ በፓርክ አደባባይ የሚያልፈው ሕዝብ እጅግ ይበዛል። ለሰፊው ሕዝብ ቅርጻ ቅርጽ ማለት ይኸው የሚነካው፣ የሚደገፈውና በጀርባው ፎቶግራፍ የሚነሣበት ነገር ነው።

አንድነት፣ ወዳጅነትና እንጦጦ ፓርኮች በ2012 ዓ.ም. እና በ2013 ዓ.ም. መባቻ ከተከፈቱ፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም የኮሪደር ልማት በየከተማው ከተስፋፋ ወዲህ፣ ፏፏቴ የሌለው አደባባይ እንደ ጎደሎ መቆጠር ጀምሯል። ፏፏቴ መውደድ ነውር አይደለም። ነውሩ ስለ ቅርጹና ስለ መብራቱ ቀለም ብዙ ከተወራ በኋላ፣ ስለ ቁሱ ሲጠየቅ «ፋይበርግላስ ይበቃል፤ ከሩቅ ድንጋይ ይመስላል» የሚል መልስ መሰጠቱ ነው።

በቴአትር መድረክ ላይ ከጣውላና ከሸራ የተሠራ ዓለት ውሸት አይደለም። ተመልካቹ በጨለማ ውስጥ፣ በርቀት ተቀምጦ፣ ዓለቱ ዓለት አለመሆኑን እያወቀ ለሁለት ሰዓት ሊያምነው ከደራሲው ጋር ተዋውሏል፤ መጋረጃው ሲዘጋ ውሉ ያበቃል። አደባባይ ግን መጋረጃ የለውም። ሕፃን መጥቶ በእጁ መታ ሲያደርገው እንደ ባዶ በርሜል የሚጮኽ ዓለት፣ ያንን ሕፃን ከማንም ጋር ባልተዋዋለው ውል ያታልለዋል።

እርግጥ ነው፣ ይህ ልማድ አባት አለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 በካሊፎርኒያ የተከፈተው ዲዝኒላንድ ሲነደፍ ብዙዎቹ ባለሙያዎች የመጡት ከፊልም ስቱዲዮ ነበር፤ በ1959 ያቆሙት የማተርሆርን ተራራም የብረት አጥንትና የሲሚንቶ ቆዳ የለበሰ ነው። ያ ተራራ እስከ ዛሬ ተራራ መስሎ የቆመው ቀለሙን የሚያድስ፣ ስንጥቁን የሚጠግን ቋሚ ሠራተኛና በጀት ስላለው ነው። እኛ ዘንድ ምርቃቱ ካለፈ በኋላ ለቀለም ቀቢ በጀት የሚይዝ ማን ነው? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ብርቱ ነው፤ የፋይበርግላሱን ልባስ ያደበዝዘዋል፣ ቀስ በቀስም እንደ ጠመኔ ያቦንነዋል።

«ታላላቆቹ ከተሞችም እንዲህ አማሩ» እያሉ ከውጭ የመጣ አንጸባራቂ ንጣፍ ካልሆነ የሚሉ ደግሞ አሉ። ሮማን መጥቀስ ይወዳሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1762 የተጠናቀቀው የትሬቪ ፏፏቴ ግን በዋናነት የተሠራው ትራቨርቲን ከተባለው፣ ለከተማይቱ ቅርብ ከሆነችው ከቲቮሊ አካባቢ ከሚወጣው ድንጋይ ነው። ሮማውያን ካታሎግ አላገላበጡም፤ ወደ ጎረቤት ተራራ ሄዱ። ከሮማ መቅዳት የሚፈልግ ይህንን ይቅዳ።

ሦስተኛው ወገን ቅርስ ወዳዱ ነው፤ እርሱን መተቸት ይከብዳል፤ ልቡ ወደ አገሩ ነውና። ይሁን እንጂ ጥራዝ ነጠቅነት በአገር ፍቅር ሲሸፈን ይብስ ጉዳት ያደርሳል። «የላሊበላ ልጆች ነንና ፏፏቴውም እንደ ላሊበላ ለስላሳ እሳተ ገሞራ ወለድ ድንጋይ ተፈልፍሎ ይሠራ» የሚለው ሐሳብ ለጆሮ ይጥማል። ያ ለመሮ የሚመች ድንጋይ ለዝናብም የሚመች በመሆኑ ግን በ2000 ዓ.ም. በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ መጠለያ እንደ ተደረገ ተዘንግቷል። ውኃ የሚጠጣን ድንጋይ ቀን ከሌት በውኃ ውስጥ ማቆም ቅርስን ማክበር አይደለም። ይልቁንስ ጎንደር ላለው፣ በፋሲል ስም ለሚጠራው ገንዳ ልብ ቢሰጥ ይሻል ነበር፤ በድንጋይና በኖራ ተገንብቶ፣ በየዓመቱ ለጥምቀት የቀሐ ወንዝ ውኃ ይሞላበታል፤ ጸበሉ ከተባረከ በኋላ ወጣቱ ዘሎ ይገባበታል። ያ ገንዳ ማንንም ለመምሰል አልተሠራም።

እንግዲህ ቁሱ ራሱ ይመርመር። በአዲስ አበባ ዙሪያ ሞልቶ የሚገኘው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልቱ፣ ጥቅጥቅ ያለው ከተመረጠ ውኃ እምብዛም አያስገባም፤ ሲርስ ይጠቁራል፣ ሲደርቅ ወደ አመድማ ይመለሳል፤ ይህ የቀለም ለውጥ ያለ አንድ አምፖል የሚገኝ ትርኢት ነው። ነውርም አለበት፤ በተለይ እንደ አቃቂ ጉድጓዶች ያለ ማዕድን የሚበዛበት ውኃ ከገባበት፣ ሲተን የሚተወው ነጭ ቅርፊት በጥቁሩ ላይ ጎልቶ ይታያል። ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚወጣው የዳለቲ ዕብነ በረድ ቅርፊቱን ይደብቃል፤ ነገር ግን አጽጂው አሲድ ይዞ የመጣ ዕለት ድንጋዩ ራሱ ይበላል። የእርሱ ቦታ ውኃ የማይረጨው መቀመጫ እንጂ ገንዳው አይደለም። የተወለወለ ግራናይት እርጥብ እግር ያንሸራትታል፤ በመሮ የተነቀሰ ፊት ግን እግርም ይይዛል፣ የሠራተኛውን የእጅ ምትም ያሳያል። ነሐስ ዓመት በዓመት ቀለሙን እያበሰለ ይኖራል። ክሎሪን የበዛበት ውኃ ግን «የማይዝግ» የተባለውን ተራ ብረት ሳይቀር ይበሳዋል።

ሙያተኛ የለም የሚለው ሰበብ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የተስፋፋው የኮብልስቶን ሥራ በየከተማው ስንትና ስንት ወጣት መሮና መዶሻ አስጨብጧል። ከነዚያ ሁሉ እጆች መካከል ከመንገድ ድንጋይ ወደ ጥርብ ጌጥ የሚሻገር አይገኝም ብሎ መፍረድ፣ ሠርቶ አደሩን ሳይጠይቁ መናቅ ነው። ቀራጺውና ጠራቢው አንድ ላይ ቢቀመጡ ዋጋው እስከ ምን እንደሚወርድ የሚታወቀው ሲሞከር ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ ውኃው አለ። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ እናት ጀሪካን ደርድራ በምትጠብቅበት ከተማ፣ ፏፏቴ ያለ ምላሽ ሊፈስ አይገባውም። ያንኑ ውኃ መልሶ የሚያዞር ፓምፕ ቢኖርም ገንዳው ከተሰነጠቀ ከንቱ ነው። አርማታው በቂ ሽፋን ካልተሰጠው ፌሮው ይዝጋል፤ ዝገቱ ሲያብጥ አርማታውን ይፈነቅለዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚፈሰው የሰፈሩ ውኃ ነው። ስለ ቁስ መከራከር የቅንጦት ክርክር ነው የሚሉ ይህን ለጀሪካኗ ባለቤት ይንገሯት።

ስለዚህ ጨረታው «ድንጋይ መሰል» በሚል ቃል አይውጣ። የድንጋዩ ዓይነት፣ የወጣበት ካባ፣ የፊቱ አጠራረብና የመጋጠሚያው ቁስ ተለይተው ይጻፉ። ከአራት ከአምስት ካባ የተወሰዱ ጥርብ ናሙናዎች ፏፏቴው በሚቆምበት ቦታ፣ ያው ውኃ እየተንጠባጠበባቸው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ይቀመጡ። ኮሚቴው፣ ቀራጺውና የሰፈሩ ሰው በጥቅምት ፀሐይ መጥተው በእጃቸው ይዳስሷቸው።