ወገቡን የታመመ ሠራተኛ ቤቱ ይዋል ወይስ ሥራ ይግባ?

ሥራ ይግባ (የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ)

ወገቡን የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚመኘው ፍራሹን ነው፤ ቀጥሎ የዕረፍት ወረቀት። ለሁለት ለሦስት ቀን ቢሆን ባልተከራከርኩ። እኔ ዘንድ የሚመጡት ግን ወር ሙሉ ተኝተው፣ በወጌሻ ታሽተው፣ "እስኪ ጎንበስ በሉ" ስላቸው በጠላት ዓይን የሚያዩኝ ናቸው።

በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በሄልሲንኪ ከተማ 186 ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት አለ። አንዱ ቡድን ሁለት ቀን አልጋ ላይ እንዲቆይ፣ ሁለተኛው የጀርባ እንቅስቃሴ እንዲሠራ፣ ሦስተኛው ሕመሙ እስከፈቀደለት ድረስ የዘወትር ኑሮውን እንዲቀጥል ተነገረው። የተሻለ ያገገመው ሦስተኛው ነው። ልብ በሉ፣ የፊተኞቹ የተኙት ሁለት ቀን ብቻ ነበር!

እርግጥ እግሩ የዛለበት፣ ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው፤ የአከርካሪ ቲቢ ዛሬም አገራችን ውስጥ አለ። የቀረው፣ ማለትም አብዛኛው፣ ጡንቻው ሳይላላ ፍርሃቱም ሥር ሳይሰድ ይመለስ። ኪሱንም ያስብ፦ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ነው።

ቤቱ ይዋል (የቀድሞው የሠራተኛ ማኅበር መሪ)

እህቴ፣ ጥናቱን አልነቅፍም። ግን "ሕመሙ እስከፈቀደለት" ያልሻትን ነገር እስኪ ቃሊቲ ላለ የመጋዘን ፎርማን ንገሪው። እኛ ዘንድ የዘወትር ሥራ ማለት 50 ኪሎ ሲሚንቶ ከመኪና ማውረድ፣ አንድ ኩንታል እህል፣ 100 ኪሎ፣ ተሸክሞ ክምር ላይ መውጣት ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ ለአዋቂ ወንድ የሚፈቀደው ሸክም ከ55 ኪሎ የሚበልጥ ከሆነ በፍጥነት ወደዚያ እንዲወርድ ጠይቆ ነበር። የእኛ ኩንታል ግን ያው ኩንታል ነው።

ሠራተኛው "ቀለል ያለ ሥራ ስጡኝ" ሲል የሚሰማው መልስ "ሲሻልህ ና" የሚል ነው። ደግሞ የተሰበረ እጅ በጀሶ ይታያል፤ የወገብ ሕመም ብዙ ጊዜ ራጅ ላይ እንኳ አይታይም። አለቃው "አስመሳይ" ሲለው ያለው ምስክር ያቺ ወረቀት ብቻ ናት። እሷንም ትንቂበታለሽ!

የቀን ሠራተኛውን ደግሞ እዪው። ፈቃድ የሚባል ነገር የለውም፤ ዳይክሎፌናክ ተወግቶ በማግስቱ ሸክሙ ሥር ይገባል። አንቺ እንዳልሽው ቶሎ ተመልሷል። ታዲያ ዳነ?

ባለሙያዋ

ጋሼ፣ ሸክሙ ይቀነስ ካሉ አብሬዎት እጮሃለሁ። ወረቀቱ ግን አንድ ኪሎ አይቀንስም። ወር ቆይቶ ሲመለስ ኩንታሉ እዚያው ይጠብቀዋል፣ እሱ ግን ደክሞ ነው የሚያነሳው። ደግሞስ ሕመምተኛው ሁሉ ተሸካሚ ነው እንዴ? እኔ ጋር ከሚመጡት ብዙዎቹ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውሉ የባንክና የቢሮ ሰዎች ናቸው። እነሱ ተነስተው ቢንጎራደዱ ማን ይከለክላቸዋል?

የማኅበሩ ሰው

የባንኩን ሰው ውሰጂው፣ ስለ እሱ አልሟገትሽም። ለተሸካሚው ግን ዕረፍት ከምትጽፊለት "ለስድስት ሳምንት ከ15 ኪሎ በላይ እንዳያነሳ" ብለሽ ጻፊና አሠሪው ይቀበል እንደሆነ እንይ። ከተቀበለ ነገ ጠዋት እኔው ራሴ መጋዘኑ በር ድረስ አደርሰዋለሁ። እስኪቀበል ድረስ ደመወዙን እየበላ ቤቱ ይዋል።