ፕሮክሲ ማንን ይሰውራል?

«ፕሮክሲ ካስገባህ ማንም አያገኝህም» የሚለው ምክር ማኅበራዊ ሚዲያ ከታገደበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከቪፒኤን ጋር አብሮ ተዛምቷል። ግላዊነት ይጠብቃል በተባለ ብሮውዘር ላይ ፕሮክሲ ሲታከልበት ደግሞ ጥበቃው እጥፍ ይሆናል ተብሎ ይታመናል። ሁለቱም ስህተት ነው። ሁለተኛው ግን ይብሳል፤ የነበረውን ጥበቃ የሚያፈርሰው ጭማሪው ራሱ ነውና።

ፕሮክሲ ጥያቄን ተቀብሎ በራሱ አይፒ አድራሻ ያስተላልፋል። ድረ ገጹ ፕሮክሲውን ያያል፤ ፕሮክሲው ግን ተጠቃሚውን ያያል። ገጹ በኤችቲቲፒኤስ የተመሰጠረ ቢሆን እንኳ ፕሮክሲው የትኛው ጣቢያ በስንት ሰዓት እንደተከፈተ ያውቃል። ቴሌ ያውቀው የነበረውን ማንነቱ የማይታወቅ የነጻ ፕሮክሲ ባለቤት ያውቀዋል ማለት ነው፤ ቴሌ ቢያንስ ቢሮው የት እንዳለ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2007 ዳን ኤገርስታድ የተባለ ስዊድናዊ፣ ትራፊክን በተከታታይ ሰርቨሮች እያሳለፈ ተጠቃሚን የሚሰውረውን የቶር ኔትወርክ መውጫ ሰርቨሮች ራሱ አቁሞ፣ ሳይመሰጠር ከሚያልፈው ትራፊክ የኤምባሲዎችን የኢሜይል የይለፍ ቃል ለቅሟል። ሰብሮ መግባት አላስፈለገውም፤ በደጁ የሚያልፈውን ማየት ይበቃው ነበር።

ነገሩ የሚበላሸው ግን ከዚያም በፊት፣ ገና ሲስተካከል ነው። ፋየርፎክስ ላይ የኔትወርክ ሴቲንግ ከፍቶ ሶክስ ለተባለው የፕሮክሲ ዓይነት በተተወው መስመር አድራሻና የፖርት ቁጥር መሙላት የደቂቃ ሥራ ነው። ከዚያ አይፒ የሚያሳይ ገጽ ይከፈታል፣ የውጭ አገር ቁጥር ይወጣል፣ ሰውየው ተደላድሎ ይቀመጣል። ከታች ግን የዲኤንኤስ፣ ማለትም የጣቢያን ስም ወደ አድራሻ የሚያስቀይር፣ ጥያቄም በፕሮክሲው ይለፍ እንደሆነ የምትጠይቅ ትንሽ ሳጥን አለች፤ ለብዙ ዓመታት ተጠቃሚው ራሱ ካልነካት በስተቀር ምልክት አልነበረባትም። ሳጥኗ ባዶ ስትሆን ብሮውዘሩ ገጹን ከመክፈቱ በፊት የጣቢያውን ስም ይዞ በተራው መስመር ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም አብዛኛውን ጊዜ የኢንተርኔት አቅራቢውን ሰርቨር ነው። ገጹ በፕሮክሲ ይመጣል፣ ስሙ ግን ቀድሞ ለቴሌ ተነግሯል። የስህተት መልእክት የለም፣ ገጹ አይዘገይም፣ አይፒ የሚያሳየው ገጽም ያንኑ የውጭ ቁጥር ማሳየቱን ይቀጥላል። ይህ ደግሞ የጀማሪ ስህተት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የብሬቭ ብሮውዘር የቶር መስኮት በቶር ብቻ የሚከፈቱ የኦኒየን አድራሻዎችን ስም ወደ ተራ ዲኤንኤስ ሲያሾልክ ተገኝቶ ታርሟል፤ ማስታወቂያ ማገጃው ለብቻው ስም ይጠይቅ ስለነበር ነው። የብሬቭ መሐንዲሶች የሳቱትን በሁለት ደቂቃ ቪዲዮ የሠለጠነ ሰው አይስትም ማለት ድፍረት ነው።

ቶር ብሮውዘር ላይ ሲሆን ጥፋቱ ይከብዳል። ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው ጥናት ከ470 ሺህ በላይ ብሮውዘሮች ውስጥ 83.6 በመቶው እንደ ፊደል ዓይነትና የስክሪን መጠን ባሉ ምልክቶች ብቻ ከሌላው ተለይተዋል። ቶር ብሮውዘር ይህን የሚቋቋመው ተጠቃሚዎቹን ሁሉ በማመሳሰል ስለሆነ፣ አንዱ ለብቻው ያደረገው ማስተካከያ ከሌሎቹ ነጥሎ ያወጣዋል። በዚያ ላይ ብሮውዘሩ ከቶር ጋር የሚነጋገረው በሶክስ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ጣቢያ የተለየ መለያ ስለሚልክ ቶርም የተለየ መስመር ይዘረጋለታል። ያንን ሰርዞ የራስን ፕሮክሲ መጻፍ በሦስት ማለፊያ ሰርቨሮች ምትክ አንዱን ብቻ ማመን ነው።

«ታዲያ ገጽ ሲታገድስ?» የሚሉ አሉ። እገዳ ማለፍና መሰወር ይለያያሉ፤ ፌስቡክ ከፍቶ በገዛ ስሙ ለሚለጥፍ ሰው የሚሠራ ፕሮክሲ ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ቶር ኢትዮጵያ ውስጥ የትራፊኩ ጠባይ እየተፈተሸ ሲታገድም የሠራው ብልሃት ትራፊኩን የሚሸፋፍኑ፣ ድልድይ የተባሉ የቶር መግቢያ ሰርቨሮች ነበሩ። የመሥሪያ ቤት ኔትወርክ በፕሮክሲ ብቻ የሚያስወጣ ከሆነም ቶር ብሮውዘር ለዚያ የተለየ ቦታ አዘጋጅቷል፤ እዚያ የሚጻፈው ፕሮክሲ ወደ ቶር ያደርሳል እንጂ ቶርን አይተካም። በቶር ብሮውዘር የቀረው በእጅ የሚሞላ የፕሮክሲ ሳጥን ለተራ ተጠቃሚ መታየት አልነበረበትም፤ ሠሪዎቹ ነገ ከሴቲንጉ ቢያወጡት አብዛኛው ተራ ተጠቃሚ አይጎዳም።