መልስ የሌለው መመለስ

በእኛ አገር ከውጭ የተመለሰ ሰው ሦስት ጥያቄዎች ይጠብቁታል። «ምን ይዘህ መጣህ?»፣ «ለምን ተመለስክ?»፣ «ደግሞ መቼ ነው የምትሄደው?»። እኔም ጀርመን አገር፣ ላይፕዚግ ከተማ አንድ ሴሚስተር ተምሬ ስመለስ ሦስቱም በየተራ ቀርበውልኛል። ከአክስቴ እስከ ሰፈራችን ባለሱቅ ድረስ ያልጠየቀኝ የለም። «እስቲ ምን አየህ? ምን ተማርክ?» ያለኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ጠያቂዎቼን እወዳቸዋለሁ፤ ከጥያቄዎቻቸው ጋር ግን ጠብ አለኝ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። «ምን ይዘህ መጣህ?» የሚለው ሰው መቼም ክፉ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ፣ ከውጭ የመጣ አንድ ጫማ የቤተሰብ ሁሉ ወሬ ቢሆን አይገርምም። ነገር ግን በሌላ አገር ግብር ከፋይ ወይም በራሳችን መንግሥት ገንዘብ አምስት ወር የተማረ ሰው በሽቶና በሞባይል ቁጥር ከተመዘነ፣ የላክነው ለገበያ ነበር ማለት ነው። ተማሪውም ይህን አስቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ ከምግቡ ቆጥቦ፣ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ከቤተ መጻሕፍት ይልቅ በቅናሽ ሱቆች ውስጥ ያሳልፋቸዋል።

«ለምን ተመለስክ?» የሚለው ደግሞ ይብሳል። የዚህ ጥያቄ ዕድሜ እንደሚመስለን ረጅም አይደለም። ከ1966ቱ አብዮት በፊት ለትምህርት ባሕር ከተሻገሩት ውስጥ አብዛኞቹ ይመለሱ ነበር፤ የሚያስጠይቀውም መቅረት ነበር። ዶክተር መላኩ በያን አሜሪካ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1927 ዓ.ም. ሲመረቁ፣ የጣሊያን ጦር ሊወረን መዘጋጀቱን ዓለም ሁሉ እያወቀ ወደ አገራቸው መጥተው በጦር ግንባር ቁስለኛ አከሙ። ከአራት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ግን ቀይ ሽብር መጣ። ያን ጊዜ ልጇ ውጭ የነበረ እናት «እንዳትመለስ» ብላ ብትልክበት ነፍሱን ለማትረፍ ነበር፤ ፍቅር ነበር። ምክሩ ግን ዘመኑን ተሻግሮ ልማድ ሆነና፣ ዛሬ የተመለሰ ሰው ፈተና እንደ ወደቀ ተማሪ ይታያል።

ዛሬ የሚያስፈራ ነገር የለም አልልም። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረውንና በአገራችን ምድር ያለፈውን ጦርነት ማን ይረሳዋል? ተሰዶ የቀረውንም አልወቅስም። የምለው ሌላ ነው። «ለምን ተመለስክ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ራሱ እዚሁ ይኖራል፣ ልጆቹንም እዚሁ ያሳድጋል። ለእኔ አይሆንም ያለው አገር ለእርሱ ልጆች እንዴት ሊሆን ነው? በእኔ ላይ የፈረደ እየመሰለው በራሱ ኑሮ ላይ ይፈርዳል።

ሦስተኛው ጥያቄ ተመላሹን በገዛ ቤቱ እንግዳ ያደርገዋል። «ነገ መሄዱ አይቀርም» ከተባለ ማን ሥራ ያደራጅለታል? ማንስ ኃላፊነት ይሰጠዋል? እርሱም ዓመት ሳይሞላው ሌላ የትምህርት ዕድል ፍለጋ ይገባል። እኛም «አላልናችሁም?» እንላለን።

ጎበዝ፣ ተመላሹም ቢሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለም። አንዳንዱ አምስት ወር ቆይቶ ሲመጣ አፉን የሚከፍተው «እዚያ እኮ...» ብሎ ነው። አውቶቡሱ በሰዓቱ እንደሚደርስ ይነግረናል። እንዲደርስ ሰዓቱን ማን እንደሚመዘግብ፣ ሲዘገይ ማን እንደሚጠየቅ ግን አይነግረንም፤ አልጠየቀማ! አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

አምስት ወር አጭር ነው የሚል ይኖራል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ለመንግሥት መልእክት ጃፓን ሲሄዱ የቆዩት ከአንድ ሴሚስተር ባነሰ ጊዜ ነው። ሲመለሱ ግን በዚያው ዓመት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ አሳትመው ያዩትን ላላየው አካፈሉ። ጀርመን አገር የተማሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ እየደኸየ እንደሚሄድ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው ጻፉ፤ መጽሐፉም ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። ሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ደግሞ በውጭ የሚታወቀውን ቴአትር በአማርኛ ሞክረው «ፋቡላ»ን አቀረቡ። እነዚህ ሰዎች ያዩትን ነገር ለአገራቸው የሚከፈል ዕዳ አድርገው ቆጥረውታል።

በአማርኛችን «ተመለሰ» እና «መለሰ» ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። ሄዶ የመጣ ሰው መልስ አለበት። ችግሩ ካልተጠየቀ የሚመልሰው የለም።

እኔ ላይፕዚግ ያየሁትን ልመልስ። በገባሁበት ሴሚናር በየሳምንቱ አንድ ተራ የደረሰው ተማሪ የውይይቱን ቃለ ጉባኤ ይይዛል። በሚቀጥለው ሳምንት ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ያነበዋል። «እኔ እንዲህ አላልኩም» የሚል ካለ ይታረማል፤ መምህሩም ጭምር ይታረማሉ። በዚያችው ከተማ የሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1913 ጀምሮ በጀርመንኛ የታተመውን ሁሉ እየሰበሰበ ያስቀምጣል። ሁለት የዓለም ጦርነትና የአገር መከፈል አልፈውበት እንኳ ስብስቡ አልተበተነም። ከእነዚህ ሁለት ነገሮች ቃለ ጉባኤ ተራ በተራ መያዝና በጉባኤ ፊት ማረም ዶላር አይጠይቅም። ደብተርና እርሳስ ይበቃዋል። በማኅበራችን፣ በዕድራችን፣ በዝግጅት ክፍሎቻችን ነገ ሊጀመር ይችላል።

ስለዚህ ሰው ወደ ውጭ የሚልኩ መሥሪያ ቤቶችን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የተመላሹን ሪፖርት መዝገብ ቤት አትቅበሩት። ሕዝብ በሚያነበው ቋንቋ፣ በአምስት ገጽ ይታተም። ተመላሹም በአንድ ወር ውስጥ በተማረበት ትምህርት ቤት ወይም በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት አንድ ምሽት ቆሞ ያየውን ይናገር፤ ይጠየቅበትም። ይህን እንቢ ያለ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ አይላክ።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም ሥራ አለህ። በቤትህ ወይም በጎረቤትህ ዘንድሮ የተመለሰ ሰው ካለ ቡና አስፈላና አስቀምጠው። «እስቲ ምን አየህ? እዚህስ የትኛው ይሆነናል?» በለው። የሚመልሰው ካጣ፣ ያን ጊዜ ሻንጣውን ፈትሽ።