ስለ ቡችላ ማደግ

ሰው ቡችላ ሊመርጥ በሄደ ጊዜ አስቀድሞ የሚያየው መዳፉን ነው። መዳፉ ወፍራም የሆነውን «ይህ ትልቅ ውሻ ይሆናል» ብሎ ይወስደዋል፤ መዳፉ ቀጭን የሆነውን ግን «ይህ አይረባም» ብሎ ይተወዋል። አንዳንዱም ከዚህ የከፋ ያደርጋል፤ ትንሹን ቡችላ ከእናቱ ነጥሎ በመንገድ ዳር ይጥለዋል። እኔ ይህን ቅን ፍርድ አልለውም፤ በአንድ ቀን በዓይን ብቻ የታየ ነገር ለምስክርነት አይበቃምና። ሲወለድ ከሁሉ ያነሰው ቡችላ ጡት እንደሚገባ ካገኘ ወንድሞቹን ሊደርስባቸው ይችላል።

የቡችላን መጠን አስቀድሞ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው እናቱን ይመልከት፤ ቢገኝም አባቱን። ወላጆቹ ታላላቅ ከሆኑ እርሱም ብዙውን ጊዜ ታላቅ ይሆናል፤ ወንዱም እንደ ልማዱ ከሴቲቱ ጥቂት ይበልጣል። ከዚህ በኋላ ዕድሜውን ይቍጠር። መካከለኛ ውሻ በ4 ወር ዕድሜው፥ ባደገ ጊዜ የሚኖረውን ክብደት እኩሌታ ያህል ይደርሳል፤ ትልቁ ዓይነት ግን እኩሌታውን የሚደርሰው በ5 ወር ገደማ ነው። እንግዲህ በ4 ወሩ 8 ኪሎ የመዘነ መካከለኛ ቡችላ ባደገ ጊዜ 16 ኪሎ ያህል ይሆናል ማለት ነው። ይህም ግምት ነው እንጂ ቃል ኪዳን አይደለም። ትንንሾቹ ውሾች በ1 ዓመት ውስጥ ማደጋቸውን ይፈጽማሉ፤ እጅግ ታላላቆቹ ግን እስከ 18 ወር፥ አንዳንዶቹም እስከ 2 ዓመት ያድጋሉ።

ልጆች ሆይ፥ ቡችላ ያላችሁ እንደ ሆነ በየሳምንቱ መዝኑት። አንዱ ልጅ አስቀድሞ ብቻውን በሚዛን ላይ ይቁም፤ ቀጥሎም ቡችላውን ታቅፎ ይቁም፤ ከሁለተኛው ቍጥር የፊተኛውን ቢቀንስ የቀረው የቡችላው ክብደት ነው። (መቀነስ ምን ይጠቅማል የሚል ተማሪ ይህን ይሞክር።) ሚዛን በሌለበት ቦታ ገመድ ይበቃል። ከፊት እግሮቹ በስተኋላ ደረቱን ዙሪያውን ለክታችሁ፥ ገመዱ በገጠመበት ላይ በከሰል ምልክት አድርጉ፤ በሚመጣው ሳምንት አዲሱ ምልክት ከፊተኛው አልፎ ይገኛል።

ገና በሚያድግበት ወራት ምልክቱ ሳያልፍ ቢቀር ግን ምክንያቱን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ወስፋት ይሆናል፤ ሆዱ ተነፍቶ ጎኑ የከሳ እንደ ሆነ ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ። በየቀኑ የሚያየው ሰው ዓይን ይህን ቶሎ አያስተውልም፤ ገመዱ ግን ይናገራል።

ደግሞም ቡችላውን ታላቅ ለማድረግ ብለው ከመጠን በላይ የሚያበሉ አሉ። ይህ ቸርነት ይመስላል፥ ነገር ግን ጉዳት ነው። የትልቅ ዓይነት ቡችላ ከልክ በላይ ሲበላ ፈጥኖ ይከብዳል፤ አጥንቱና መገጣጠሚያው ገና ሳይጸና ሸክም ስለሚበዛበትም ይታመማል። እጃችሁን በጎኑ ላይ ስታሳልፉ የጎድን አጥንቱ በጣት የሚዳሰስ፥ በዓይን ግን ጎልቶ የማይታይ ከሆነ መብሉ ልክ ነው። አጥንቱ ጎልቶ ከታየ ጨምሩለት፤ በስብ ተሸፍኖ ለጣት ከጠፋ ቀንሱለት።