ጠግቦ መለመን

በአሜሪካ አገር ኮሌጅ ለመግባት የገንዘብ ርዳታ የሚሻ ተማሪ፣ ፋፍሳ የተባለውን የመንግሥት ማመልከቻ ይሞላል። የቤተ ሰቡ ገቢና ሀብት የሚገለጥበት ወረቀት ነው። ድኻው ቢሞላው ተገቢ ነው። ባለጸጋው ቢሞላውም ብቻውን ነውር አይሆንም፤ ያለ እርሱ የመንግሥት የትምህርት ብድር እንኳ አይገኝምና። የእኔ ክርክር በወረቀቱ ላይ ድኻ ሆኖ ለመታየት ከሚደክመው ባለጸጋ ጋራ ነው።

ድካሙንም ተመልከቱ። በ2019 (እ.ኤ.አ.) በኢሊኖይ ግዛት፣ በቺካጎ ዙሪያ የሚኖሩ አንዳንድ ባለሀብት ወላጆች የሠሩት ሥራ በጋዜጣ ተገለጠ። ልጃቸው ኮሌጅ የሚገባበት ጊዜ ሲቃረብ፣ ዳኛ ፊት ቀርበው ሞግዚትነቱን ለዘመድ ወይም ለወዳጅ አስተላለፉ። ከዚያ ወዲያ የወላጆቹ ሀብት ለልጁ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው እርሱ ራሱ በበጋ ሥራ ያገኘው ጥቂት ገንዘብ ነው። አባትና እናት በሕይወት ሳሉ ልጅን በወረቀት ማደኽየት ይሏል ይህ ነው! ግዛቱ ለችግረኛ ተማሪዎች የሚሰጠው ርዳታ ደግሞ በዚያን ጊዜ ለሚገባቸው ሁሉ አይዳረስም ነበር። ገንዘቡ ሲያልቅ ከሰልፉ ኋላ የቆመው የታክሲ ነጂ ልጅ ባዶ እጁን ይመለሳል።

«ሕግ አልከለከለንም» ይላሉ። ሕጉ የወጣው አሳዳጊ ላጣ ልጅ አልነበረምን? «ግብር ከፍለናል» ይላሉ። ግብር የከፈለ ሰው ሁሉ፣ ቤቱ ሳይቃጠል የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ጠርቶ ውሃ ርጩልኝ ይላልን? ፔል የተባለው የመንግሥት ርዳታ ከፍተኛው ልክ በ2025–26 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነው። ይህ ገንዘብ ለአንዱ ትምህርቱን መቀጠልና ማቋረጥ ነው፤ ለሌላው የአንድ ክረምት ሽርሽር ነው።

«ኮሌጁ ራሱ ሀብታም ነው» የሚለው ክርክር ግን ጥቂት ክብደት አለው። ሃርቫርድ በ2025 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ማስታወቂያ፣ የዓመት ገቢያቸው ከ200,000 ዶላር የማይበልጥ ቤተ ሰቦች ልጆች የትምህርት ክፍያ እንደማይጠየቁ አስታወቀ። ባለቤቱ ወሰኑን አስምሮ «ግቡ» ካለ፣ እውነተኛ ገቢውን ተናግሮ የገባ ሰው አይነቀፍም። የሚነቀፈው ሀብቱን ከመስመሩ ማዶ ደብቆ ራቁቱን የተሻገረው ነው።

«በአባቶቻችን ዘመን የባላባት ልጅስ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ ይለምን አልነበረምን?» የሚልም አይጠፋ ይሆናል። አዎን፣ ለምኗል። ነገር ግን የቆሎ ተማሪው የአባቱን ቤት በእውነት ትቶ ሄዶ፣ በጎጆ እያደረ፣ ውሻ እየተከተለው የለመነውን ቁራሽ ይበላ ነበር። የለመነውም የአባቱ ጎተራ እንዳይጎድል ብሎ አልነበረም።

ወጣቶች ሆይ፣ ነገሩ የወላጆቻችሁ ብቻ አይምሰላችሁ። በማመልከቻው ላይ ከወላጅ ፊርማ ጋራ የተማሪው ፊርማ አለበት። አባትህ «ዝም ብለህ ፈርም» ቢልህ፣ ብዕሩን አስቀምጥና በአክብሮት ጠይቀው፦ «አባባ፣ ይህ ቁጥር የኛ ነውን?»