ጋኔን ነው ያልነው መንቀጥቀጥ



ዛሬ የምንጽፈው በሌላ ሰው ላይ አይደለም። ክሱ በእኛው በመጋቢዎችና በሽማግሌዎች ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እኅት አረቄ ትጠጣለች ተብላ በፊታችን ቀረበች። ጌታን ሳታገኝ ከዳጉሳና ከብቅል አረቄ እያወጣች ልጆቿን ታሳድግ ነበር። ሥራውን ያየ ያውቀዋል፤ የወጣው ሳይቀመስ ብርታቱ አይለይም፣ ደንበኛውም «አንቺም ያዢ እንጂ» ይላል። ካመነች በኋላ ሥራውን ተወችው፤ መጠጡ ግን እርሷን አልተዋትም። በጓዳ፣ ሌሊት፣ በስኳር ብልቃጥ ደብቃ ትጠጣ ነበር። እኛ ምን አደረግን? እሑድ በማይክሮፎን ከአገልግሎት አገድናት። ከዚያም «ዛሬውኑ ቁረጪ» አልናት፤ ተስላ ቆረጠች።

በሦስተኛው ሌሊት እጆቿ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ላብ አጠመቃት፤ የሞተች እናቷን በግድግዳው ላይ አየሁ እያለች ትጮህ ነበር። ጋኔን ነው አልን። እስኪነጋ ገሠጽን፤ እጅና እግሯን የያዙ ወንድሞችም ነበሩ። ሲነጋ ልጇ ከእጃችን ነጥቆ በባጃጅ ወደ ሕክምና ወሰዳት። የተቀበላት ጤና መኮንን ስንት ቀን ሆናት ብሎ ጠየቀና ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። «አንድ ሌሊት ብትጨምሩላት ለቀብር ነበር የምትሰበሰቡት» አለን።

ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው አካል ከአልኮል ጋር ተላምዶ ይኖራል። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል፤ አንጎልም ያን ለመቋቋም ከልኩ በላይ ነቅቶ ይሠራል። መጠጡ በድንገት ሲቆም ያ ንቃት ልጓም ያጣል። መንቀጥቀጡና ላቡ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ የሚጥል መናወጥ ሊመጣ ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል። ይህ ካልታከመ ይገድላል። ሕክምናው አለ፤ በሐኪም ክትትል ለጥቂት ቀናት እየተቀነሰ የሚሰጥ ዳያዜፓም፣ ከእርሱም ጋር መጠጥ ያራቆተውን አካል የሚደግፍ ታያሚን የተባለው ቫይታሚን ቢ1። እኛ ግን ያን ሌሊት የያዝነው ዘይትና ድምፅ ማጉያ ነበር።

«መድኃኒት መያዝ የእምነት ማነስ ነው» የሚሉን ወንድሞች አሉ። ይህን በሌላ አገር ቢሉት ይሻል ነበር፤ በኮላ ድባ ግን እንዴት ይባላል? እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ ወባ ገብታ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ስትጨርስ ያየው ትውልድ ገና አላለቀም። ከዚያ እልቂት በኋላ ነው በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው፤ ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች የሠለጠኑበት። እኅታችንን ያዳናት ሙያ የበቀለው ከዚሁ ከእኛ አፈር ነው። ዛሬ የወባ ኪኒን የሚውጠውን ሰው «እምነት የለህም» ብሎ ከመዘምራን ያገደ ሽማግሌ አላየንም። እኛም ስንታመም እንውጣለን። ታዲያ ለእርሷ ሲሆን ብቻ እምነቱ ለምን በረታ?

ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ የእግዚአብሔርን ቃል አምጥቶለት ሳለ፣ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲያደርጉም አዝዟል። የእግዚአብሔር ቃልና የበለስ ጥፍጥፍ በአንድ ቤት ሲገናኙ ነቢዩ አልተጨነቀም።

«ኃጢአት እንጂ በሽታ አይደለም» የሚለውንም ሰምተናል። ስካር ኃጢአት ነው፤ ትናንትም ሰብከነዋል፣ ነገም እንሰብካለን። ነገር ግን ንስሐ የፈቃድ መመለስ ነው። የእጅ መንቀጥቀጥ ንስሐ አለመግባት አይደለም። ያቺ እኅት ከሁላችን አስቀድማ ተመልሳ ነበር፤ ያልተመለሰው አካሏ ነው።

ደግሞስ የሴቷን መጠጥ ስንመዝን ሚዛናችን ልክ ነው? ወንዱ በሠርግ ሰክሮ ቢያድር «ተጫወተ» ይባልና ሰኞ ይረሳል። ሴቷ ስትሆን ስሟ ከመንደር መንደር ይዞራል። ስለዚህ ትደብቃለች፤ የደበቀ በሽታ ደግሞ ይብሳል። በአካልም ቢሆን ያው መለኪያ ለሁለቱ እኩል አይደለም። በሴት አካል ያለው ውኃ ያንሳል፤ ስለዚህ ያው አረቄ በደሟ ውስጥ ይበረታል፤ ጉበቷም ከወንዱ ባነሰ ጊዜ ሊጎዳ ይችላል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ለፅንሱ ይተርፋል። ሐናን ያስታውሷል፤ ካህኑ ዔሊ ከንፈሯን አይቶ ሰካራም ናት አለ፣ ሳይጠይቅ። እርሱ እንኳ መልሷን ሲሰማ ቃሉን አንሥቶ ባረካት። እኛ መቼ ጠየቅናት? ባሏ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ እንደሌላት የሰማነው ከነርሷ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕክምና ነው ብዙዎቻችን የማናውቀው። ናልትሬክሶን የተባለ ኪኒን አለ፤ የመጠጥ ጉጉትን ይቀንሳል፣ ቢጠጣም ደስታውን ያደበዝዛል። አያሰክርም፤ ሱስም አያስይዝም። «ሱስን በሱስ መለወጥ ነው» የሚሉት እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ዳይሰልፊራም የሚባለው የቆየው መድኃኒት ደግሞ አረቄ ከነካካው ፊትን ያቀላል፣ ያስመልሳል፣ ልብን ያስመታል። (አንዳንድ ቤተሰብ ይህን በወጥ ውስጥ ደብቆ ይሰጣል ሲባል ሰምተናል። አታድርጉት! ሳታውቅ ብትጠጣ ልትሞት ትችላለች።) ሁለቱም በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ ናቸው፤ ጉበትም ይመረመራል፤ በየጤና ጣቢያው አይገኙም።

ኪኒኑ ብቻውን አይበቃም። የምክር ሕክምናው መጠጡ የሚመጣበትን ሰዓት እንድታውቅ ይረዳታል። ለእኅታችን ልጆቹ ከተኙ በኋላ ያለው ጸጥታ ነበር። አሁን በዚያ ሰዓት ሁለት እኅቶች በየተራ ቤቷ ያመሻሉ። ይጸልያሉ፣ ቡና ያፈላሉ፣ ዝም ብለውም ይቀመጣሉ። መርቶ የሚጸልይ ወንድም አንልክም፤ አትፈልግም።

ስለዚህ ሽማግሌዎች ሆይ፣ መጠጥ ለማቆም በመሠዊያው ፊት የምትሳል ሴት ካለች ያንኑ ቀን ወደ ሐኪም ይዛችኋት ሂዱ እንጂ «ከዛሬ ጀምሮ» አትበሏት። ጎንደር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደጉ ሳምራዊ ለእንግዳ ማረፊያው ሁለት ዲናር ከፍሏል፤ የእኛም የምጽዋት ሣጥን መሳፈሪያና የመድኃኒት ዋጋ ይክፈል። አዲስ ድምፅ ማጉያ ከመግዛታችን በፊት። ወድቃ ብትመለስም ወንበሯ ይጠብቃት፤ በዚህ ሕክምና ውስጥ መውደቅ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ሐኪሙ አይደነግጥበትም፣ እኛም አንደንግጥ።

ይህን ስንጽፍ ፈቃዷን ጠይቀናል። በቤቷ ተገኝተን ይቅርታ ስንለምናት ቡና አፈላችልን፤ ከዚያም «ፓስተር፣ እኔስ ሰማሁ። ያገዳችሁኝ ጊዜ ግን ጉባኤው ነበር የሰማው» አለችን።

በሚመጣው እሑድ ማይክሮፎኑን እንይዛለን።